ሮው ፎቶ፣ ተምኔልና ኮዴክ፦ ከባሕር ዳር ፎቶ አንሺዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥር ሲገባ ባሕር ዳር ላይ ካሜራ ዕረፍት የለውም። ጥምቀቱ አለ፣ ሰርጉ አለ፤ ሙሽሮች ጣና ዳር ወርደው ይነሳሉ፣ ሚዜዎች ጀልባ ይሳፈራሉ፣ ማታ ላይ ፎቶ አንሺው ሁለት ሦስት ሙሉ ሚሞሪ ካርድ ይዞ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ፎልደሩን ሲከፍት ፋይሎቹ አሉ፣ ፎቶዎቹ ግን አይታዩም። ከዚህ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። ተምኔል የምንለው ፋይሉ ሳይከፈት ፎልደሩ ውስጥ የምትታየውን ትንሽ ምስል ነው። አብዛኛው መልስ ስለ ዊንዶውስ ነው፤ ማክና ሊኑክስ ለሚጠቀሙ ወደ ታች አጭር መልስ አለ።

ፎቶዎቹን ገለበጥኩ፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ነጭ ወረቀት መስለው ነው የሚታዩት። ተበላሽተው ነው?

አልተበላሹም፤ በዚህ ብቻ ደንግጠው ምንም ነገር አይሰርዙ። ጄፔግን ዊንዶውስ ገና ሲጫን ጀምሮ ያውቀዋል። ሮው ግን የካሜራው ሴንሰር ያነበበው ጥሬ መረጃ ነው፤ አቀማመጡም ከአምራች አምራች ይለያያል። ካኖን ሲአር2 እና ሲአር3 ይለዋል፣ ኒኮን ኤንኢኤፍ፣ ሶኒ ኤአርደብሊው፣ ፉጂፊልም አርኤኤፍ፣ ፓናሶኒክ አርደብሊው2። ኮምፒውተሩ ያንን ቋንቋ የሚያነብለት ካላገኘ ፋይሉን በባዶ አይኮን አሳይቶ ያልፈዋል። ያ አንባቢ ነው ኮዴክ የሚባለው።

ልብዎ ካላረፈ ካርዱን ወደ ካሜራው መልሰው ፎቶዎቹን በካሜራው ስክሪን ይዩ። እዚያ ከታዩ ችግሩ ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ኮዴኩ ፎቶውን እንዴት ነው የሚያሳየኝ? ሮውን ሙሉውን ያነበዋል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አያነበውም። ይህን መረዳት ከታች የሚመጡትን ግማሽ ያህል ጥያቄዎች ስለሚመልስ ትንሽ እንቆይበት።

ካሜራው እያንዳንዱን ሮው ሲጽፍ ከጥሬው መረጃ ጋር አንድ የተዘጋጀ ጄፔግ አብሮ ያስቀምጣል። ፎቶ አንስተው በካሜራው ጀርባ የሚያዩት ያንን ጄፔግ ነው። ኮዴኩ ፋይሉን ከፍቶ ያቺን ጄፔግ ፈልጎ ያወጣና አሳንሶ ለፋይል ኤክስፕሎረር (ፎልደሮችን ለሚያሳየው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ይሰጠዋል። ኤክስፕሎረርም በየጊዜው እንዳይደክም የተሰጠውን ትንሽ ምስል ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ መጋዘን ያስቀምጠዋል። ፎልደሩን ለሁለተኛ ጊዜ ሲከፍቱ ምስሎቹ ወዲያው ብቅ የሚሉት ለዚህ ነው።

ዊንዶውስ ኮዴክ የሚሰካበት አካል ዊንዶውስ ኢሜጂንግ ኮምፖነንት ይባላል፤ በ2007 ከቪስታ ጋር ነው የመጣው። አንድ ኮዴክ እዚያ ከተሰካ ኤክስፕሎረር ብቻ ሳይሆን በዚያ በኩል ፎቶ የሚያነቡ ሌሎች ፕሮግራሞችም ይጠቀሙበታል።

ስለዚህ ተምኔሉ ካሜራው የሠራት ጄፔግ ናት፤ የሮውን መረጃ አታሳይም። ፎቶ ፈልጎ ለማግኘት ሁነኛ መሣሪያ ናት። ፎቶ ለመመዘን ግን አትሆንም፤ ለመሰረዝማ ፈጽሞ አትበቃም።

በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ምን ልጫን?

የማይክሮሶፍትን ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽን። ነፃ ነው፣ የብዙ አምራቾችን ፋይል ባንድ ላይ ያነባል፤ ለካኖን አንድ፣ ለኒኮን ሌላ እያሉ መደርደር አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ቨርዥን 1903 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ለማወቅ የዊንዶውስን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል አንድ ላይ ይጫኑ፣ በሚመጣው ሳጥን ዊንቨር ብለው በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ ኦኬ ይበሉ።

ከዚያ ማይክሮሶፍት ስቶርን ከፍተው ስሙን ይፈልጉ፣ ጌት የሚለውን ይጫኑ፣ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። በዊንዶውስ 11 ላይ ብዙ ጊዜ አብሮ ተጭኖ ስለሚመጣ ስቶሩ ጌት ከማለት ይልቅ ኦፕን ወይም አፕዴት ሊል ይችላል። አፕዴት ካለ ይጫኑት፤ አዳዲስ ካሜራዎች የሚታወቁት በአፕዴት ነውና።

ከተጫነ በኋላ ዴስክቶፕ ላይም ሆነ ስታርት ሜኑ ላይ የሚከፈት ነገር አይፈልጉ። ከጀርባ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ መሥራቱን የሚያውቁት ፎልደሩ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ ስቶር የሚባል ነገር የለም።

ኮምፒውተሩ እንዲቀለው ተብሎ የተከረከመ ዊንዶውስ ተጭኖበት ይሆናል፤ ወይም ኤልቲኤስሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ እሱ ከመነሻውም ስቶር የለውም። ስቶሩን በግድ ለመመለስ ከመታገል ሌላ መንገድ መያዝ ይሻላል፤ ሮውን በራሱ የሚያነብ የፎቶ ማያ ፕሮግራም።

ፋስትስቶን ኢሜጅ ቪወርና ኤክስኤንቪው ኤምፒ ለግል አገልግሎት ነፃ ናቸው። ከዊንዶውስ ኮዴክ ሳይጠብቁ ውስጥ ያለችውን ጄፔግ ራሳቸው አውጥተው ያሳያሉ። ፍላሽ ላይ ተቀምጠው ሳይጫኑ የሚሠሩ ዓይነቶችም ስላሏቸው ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ አንድ ፍላሽ ብዙ ኮምፒውተር ያገለግላል። የአምራቾቹም አለ፦ ካኖን ዲጂታል ፎቶ ፕሮፌሽናልን፣ ኒኮን ኤንኤክስ ስቱዲዮን፣ ሶኒ ኢሜጂንግ ኤጅን በነፃ ይሰጣሉ። እነዚህ ከበድ ያሉ ናቸው፤ በሞባይል ዳታ ከሚያወርዱ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄደው አንዴ አውርደው ፋይሉን ያስቀምጡት። የራሳቸውን ካሜራ ፋይል ግን ከማንም በተሻለ ያውቁታል።

ዊንዶውስ 7 ነው ያለኝ፤ ተስፋ አለው?

ለቆዩ ካሜራዎች አለው። ማይክሮሶፍት በጊዜው ለቪስታና ለ7 ካሜራ ኮዴክ ፓክ የሚባል አውጥቶ ነበር፤ ካኖንና ኒኮንም የየራሳቸው ኮዴክ ነበራቸው። እነሱ የጊዜያቸውን ሲአር2 እና ኤንኢኤፍ ያሳያሉ፤ በ2018 ከካኖን ኢኦኤስ ኤም50 ካሜራ ጋር የመጣውን ሲአር3 ግን አያውቁትም። ኮዴክ ሲመርጡ የኮምፒውተሩን ዓይነት ይዩ፦ ዊንዶውሱ ባለ64 ቢት ሆኖ ኮዴኩ ባለ32 ቢት ከሆነ በሰላም ይጫናል፣ ኤክስፕሎረር ግን አያነሳውም። «ጭኛለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም» ከሚሉት የዊንዶውስ 7 ተጠቃሚዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳቱት።

ሁሉንም ጭኛለሁ፤ አሁንም አይታይም።

አንድ ፈተና ያድርጉ። ማንኛውንም የጄፔግ ፎቶ እዚያው ፎልደር ውስጥ ያስገቡ። ጄፔጉ ታይቶ ሮው ብቻ ካልታየ ጥፋቱ የኮዴክ ነው። ጄፔጉም ባዶ አይኮን ከሆነ ኮዴኩ ንጹሕ ነው፤ ዊንዶውሱ ራሱ ተምኔል እንዳያሳይ ታዟል።

ሁለተኛው ከሆነ የሚያዩት ሦስት ቦታ ነው። መጀመሪያ የፎልደሩ አቀማመጥ፦ ሊስት ወይም ዲቴይልስ ላይ ከሆነ ተምኔል አይኖርም፤ ኮንትሮልን ይዘው የማውሱን ጎማ ወደፊት ቢያሽከረክሩት አይኮኖቹ እያደጉ ይሄዳሉ። ቀጥሎ የፎልደር ኦፕሽንስ፦ በዊንዶውስ 11 ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች፣ በ10 ደግሞ ቪው የሚለውን ተጭነው ኦፕሽንስ ውስጥ ይግቡ፤ ቪው በሚለው ገጽ «ኦልዌይስ ሾው አይኮንስ፣ ኔቨር ተምኔልስ» የሚለው መስመር ላይ ምልክት ካለ ያንሱት።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ኮምፒውተር ሲንቀረፈፍ ቴክኒሻን ዘንድ ይወሰዳል፤ ቴክኒሻኑም አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ከዚያ ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብቶ «አድጀስት ፎር ቤስት ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይመርጣል። ይህ ምርጫ «ሾው ተምኔልስ ኢንስቴድ ኦፍ አይኮንስ» የሚለውንም አብሮ ያጠፋል። እዚያው ገብተው እሷን ብቻ መልሰው ምልክት ያድርጉባት፤ የቀረው እንደነበረ ቢቆይ አይጎዳም።

ጥፋቱ የኮዴክ ሆኖ ኮዴኩ ግን ተጭኖ ከሆነ፣ ኤክስፕሎረር ኮዴኩ ከመምጣቱ በፊት ያስቀመጠውን ባዶ አይኮን ከመጋዘኑ እያወጣ ሊሆን ይችላል። ዲስክ ክሊንአፕን ይክፈቱ፣ ሲ ድራይቭን ይምረጡ፣ ተምኔልስ የሚለውን ብቻ ምልክት አድርገው ሌላውን ምልክት ያንሱ፣ ኦኬ ይበሉ፣ ሪስታርት ያድርጉ። የሚጠፋው ትንሽ ምስሎቹ የተቀመጡበት መጋዘን ብቻ ነው፤ አንድም ፎቶ አይነካም። «ሌላውን ምልክት ያንሱ» ያልነው በምክንያት ነው፦ በዚያው ዝርዝር ዳውንሎድስ ፎልደር ሊኖር ይችላል፤ የደንበኛ ፎቶ እዚያ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ፎልደሩን ስከፍት ኤክስፕሎረር ጭራሽ የሚዘጋ ከሆነስ?

ከድሮ የቀረ ኮዴክ ከአዲሱ ጋር እየተጋጨ ነው፣ ወይም አንድ የተበላሸ ፋይል ኮዴኩን እያነቀው ነው። ከላይ ባልነው የፎልደር ኦፕሽንስ ገጽ «ኦልዌይስ ሾው አይኮንስ፣ ኔቨር ተምኔልስ» የሚለው ላይ ለጊዜው ምልክት አድርገው ይግቡ፤ ተምኔል ስለማይሠራ ላይዘጋ ይችላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ ገብተው የቆዩ የካሜራ ኮዴኮችን ያራግፉ። ያ ካልፈታው ፋይሎቹን ግማሽ በግማሽ ወደ ሌላ ፎልደር እያዛወሩ የሚያንቀውን ይለዩ፤ 1,000 ፋይል ቢኖር 10 ጊዜ ከከፈሉት ጥፋተኛው ይገኛል።

የድሮው ካሜራዬ ፎቶዎች ይታያሉ፤ የአዲሱ አይታዩም። ሁለቱም ካኖን ናቸው።

ስማቸው እንጂ ፋይላቸው አንድ አይደለም። ሲአር2 ቲፍ ከሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ወገን ነው። ሲአር3 ግን የተሠራው ኤምፒ4 ቪዲዮ በሚቀመጥበት ዓይነት አሠራር ላይ ነው፤ ስለዚህ ሲአር2ን የሚያውቅ ኮዴክ ሲአር3ን ሲያይ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ሮው ኢሜጅ ኤክስቴንሽኑን አፕዴት ያድርጉ።

ለኒኮን ዜድ8 እና ዜድ9 ተጠቃሚዎችም ቃል አለን። ካሜራው ሮውን «ሃይ ኤፊሸንሲ» በሚለው አጨማመቅ እንዲጽፍ ከታዘዘ ፋይሉ ኤንኢኤፍ ቢባልም ብዙ ነፃ ፕሮግራሞች ሊከፍቱት ይቸገራሉ። የካርድ ቦታ ካልጠበበዎት ሎስለስ ኮምፕረስድ (መረጃ ሳይጠፋ የሚጨመቅ) በሚለው ያንሱ። ቀድሞ የተነሳ ካለ በኤንኤክስ ስቱዲዮ ይከፈታል።

አዲስ ካሜራ ገዝተው ምንም አልሆን ካለ የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር ነፃ ነው፤ ሮውን ብዙ ፕሮግራሞች ወደሚያነቡት የአዶቤ የሮው ዓይነት፣ ወደ ዲኤንጂ፣ ይቀይረዋል። ዋናውን ፋይል ግን አይጣሉ፤ የአምራቹ ፕሮግራም የሚፈልገው እሱን ነው።

1,500 ፎቶ ያለበት ፎልደር ሲከፈት ኮምፒውተሩ ይሞታል። ለምን?

ምናልባት ከካርዱ ላይ በቀጥታ እየከፈቱ ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራው። ባለ24 ሜጋፒክሰል ካሜራ አንድ ሮው 25 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን፣ 1,500 ፎቶ 37.5 ጊጋባይት ነው። በዩኤስቢ 2 ካርድ ሪደር በተግባር የሚገኘው በሰከንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ መገልበጡ ብቻ 20 ደቂቃ ያልፋል። በዚያ ላይ ተምኔል ከከፈቱ ኤክስፕሎረር በየፋይሉ እየገባ ጄፔግ ሲለቅም ከሚገለበጠው ጋር ለአንድ ቀጭን መስመር ይሻማል፤ ሁለቱም ይጓተታሉ።

ፎልደሩን ሳይከፍቱ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሩ ይገልብጡ። ከተቻለ ወደ ኤስኤስዲ። ካርድ ሪደሩ ዩኤስቢ 3 ከሆነ ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ይሰኩት፤ የዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳዎች አንዳንዴ ዩኤስቢ 2 ስለሆኑ ከኋላ ያለውን ይሞክሩ። ፎቶዎቹን በዝግጅት ከፍለው ያስቀምጡ፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣና ዳር፣ አዳራሽ፣ መልስ። 300 ፋይል ያለበት ፎልደር 1,500 ካለበት ጋር አይወዳደርም። ሲ ድራይቭ ጢም ብሎ ከሞላም ተምኔሎቹ የሚቀመጡበት ስለማያገኙ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠራሉ።

ተምኔሉ ላይ የሙሽራዋ ቀሚስ ነጭ ብቻ ሆኗል፤ ጥለቱ እንኳ አይታይም። ልሰርዘው?

አይሰርዙት። በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ጥሩ ፎቶ ያሳዝነናል።

ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ፀሐይ አናት ላይ፣ የሐይቁ ውሃ ከሥር ብርሃኑን እያንጸባረቀ፣ ነጭ የሀበሻ ቀሚስ። ካሜራው ለተምኔሉ የሚሆነውን ጄፔግ ሲሠራ በራሱ ኮንትራስት ያበዛል፣ ደማቁን ወደ ነጭ ይገፋዋል። የሸማው ክር፣ የጥለቱ ጠርዝ፣ የእጥፋቱ ጥላ ጄፔጉ ላይ የሉም፤ ሮው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አሉ። ፎቶውን በዳርክቴብል፣ በሮውቴራፒ ወይም በላይትሩም ከፍተው ኤክስፖዠሩን አንድ ስቶፕ ዝቅ ያድርጉ፣ ሃይላይቱን ይሳቡ። ጥለቱ ከመጣ ፎቶው ተርፏል። ያኔም ወረቀት መስሎ ከቀረ እውነትም ተቃጥሏል። በነሐሴና በመስከረም ጢስ ዓባይ ሞልቶ ሲወርድ ለሚነሳው ነጭ አረፋም ይኸው ነው። የካሜራው ሂስቶግራምም (የጨለማውንና የደማቁን መጠን የሚያሳየው ሥዕል) ከዚያችው ጄፔግ ስለሚሠራ «ተቃጥሏል» ቢልዎት የመጨረሻ ቃል አድርገው አይውሰዱት።

ተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። ኤክስትራ ላርጅ የሚባለው አይኮን ወርዱ 256 ፒክሰል ነው። የባለ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ ወርድ 6,000 ፒክሰል ነው፤ ስለዚህ 23 ያህል ፒክሰል ተጨፍልቆ አንድ ሆኗል። ፎከሱ ከሙሽራዋ ዓይን አልፎ ከኋላ ያለችው ታንኳ ላይ ቢያርፍ ተምኔሉ ላይ ሁለቱም ጥርት ብለው ይታያሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው 100 በመቶ አጉልተው ሽፋሽፍቱን ሲያዩ ነው። በማያ ፕሮግራም አጉልተው ሲያዩም ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ ካሜራዎች ውስጥ የሚያስቀምጡት ጄፔግ ትንሽ ነው። የብዙ ሶኒ ካሜራዎች ለምሳሌ 1,616 በ1,080 ብቻ ናት፤ እሷን አጉልተው ብዥ ቢልብዎት ጥፋቱ የፎቶው ላይሆን ይችላል።

ካሜራው ሞኖክሮም ላይ ቆይቶ ሙሉው ሰርግ በተምኔል ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቢመጣም አይደንግጡ። ሮው ውስጥ ቀለሙ አለ።

እየገለበጥኩ መብራት ጠፋ። ሲመጣ ሳይ ተምኔሎቹ በሙሉ ይታያሉ። ካርዱን ፎርማት ላድርገው?

እባክዎ አያድርጉ። ተምኔል መታየቱ ፋይሉ ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በብዙዎቹ የሮው ዓይነቶች ጄፔጓ የምትቀመጠው ፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ ነው፣ ጥሬው መረጃ ከእሷ በኋላ ይመጣል። መብራቱ የጠፋው ፋይሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ከሆነ ጄፔጓ ገብታለች፣ ፎቶው ግን ተቆርጧል። ኤክስፕሎረር ፈገግ ያለች ሙሽራ ያሳይዎታል፤ ለማረም ሲከፍቱት ከወገብ በታች ግራጫ ነው ወይም ፕሮግራሙ አልከፍትም ይላል።

ካርዱ ላይ ያለውን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ይበሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለውንም እንዲሁ። የፋይሉ ብዛትና ሳይዝ የሚለው ቁጥር በባይት እስከ መጨረሻው አኃዝ እኩል መሆን አለበት። ሳይዝ ኦን ዲስክ የሚለው ቢለያይ ግድ የለም። ቀጥሎ ፎልደሩን ዲቴይልስ ላይ አድርገው በሳይዝ ያስተካክሉ፤ ዜሮ ኪሎባይት ወይም ከጎረቤቶቹ በጣም ያነሰ ፋይል ካለ እሱን ዳግም ይገልብጡ። መብራት ሲጠፋ ሲገለበጥ የነበረውንና ከእሱ በፊት ያሉትን ጥቂት ፋይሎች ደግሞ ሳይዛቸው እኩል ቢሆንም በማረሚያ ፕሮግራም ከፍተው ይዩ፤ የፋይሉ ስምና ሳይዝ ቀድሞ ተመዝግቦ ይዘቱ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። በጣም የሚሻለው እነዚያን መጠርጠር ትቶ እንደገና መገልበጥ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ዩፒኤስ ቢኖርዎት መልካም፤ የትንሹ ዩፒኤስ ባትሪ ግን መገልበጡን አቁሞ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት ነው የሚበቃው። ካርዱን ፎርማት የሚያደርጉት ፎቶው ሁለት ቦታ ከተቀመጠ በኋላ ነው፤ ያንንም በካሜራው ውስጥ።

በሁለት ካሜራ አንስተን በቀን ሳስተካክላቸው ቅደም ተከተሉ ተዘበራረቀ።

አንዱ ካሜራ በሀበሻ ሰዓት፣ ሌላው በፈረንጅ ሰዓት ተሞልቶ ይሆናል። በሀበሻ የተሞላው ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ጣና ዳር ያነሳውን «10፡00» ብሎ ይመዘግባል። ሌላው ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ያነሳውን «10፡00» ይለዋል። ኤክስፕሎረር ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። በዚያ ላይ ዴት ሞዲፋይድ በሚለው ካስተካከሉ የተነካካ ፋይል ቦታውን ይለቃል፤ ዴት ቴክን የሚለውን ይምረጡ፤ ኮዴኩ ከተጫነ ቀኑን ከፋይሉ ውስጥ ያነበዋል።

ለተነሳው በነፃው ዲጂካም ፕሮግራም የአንዱን ካሜራ ሰዓት ባንድ ጊዜ ማዛወር ይቻላል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 6 ሰዓት ነው። ካሜራው ማታ ላይ ጠዋት ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ ግን 18 ይሆናል፤ ስለዚህ ሳይመረምሩ 6 አይጨምሩ። ለወደፊቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ካሜራዎች የአንድን ስልክ ሰዓት አንድ አንድ ጊዜ ያንሱ። ማታ እነዚያን ሁለት ፎቶዎች ማነጻጸር ልዩነቱን እስከ ሰከንዱ ይነግርዎታል።

ቀኑንም በፈረንጅ ይሙሉ። ካሜራ ጳጉሜን አያውቅም፤ ጥቅምትን ወር 2 ብለው ቢሞሉት እንደ ፌብሩዋሪ ቆጥሮት ከ28 ወይም ከ29 በኋላ ወደ ወር 3 ይዘላል።

በስልክ ያነሳሁት ዲኤንጂስ?

ብዙው ያለ ተጨማሪ ነገር ይታያል። የማይታየው በአዲሱ ጄፔግ ኤክስኤል አጨማመቅ የተጻፈው ነው፤ ከ2023ቱ የዲኤንጂ ማሻሻያ ወዲህ አንዳንድ አዳዲስ ስልኮች ይጠቀሙበታል። ላይትሩም ይከፍተዋል።

ማክና ሊኑክስ ላይስ?

ማክ ሮውን የሚያነበው ከራሱ ሲስተም ነው፤ የሚጫን ኮዴክ የለም። አዲስ ካሜራ ካላወቀ ሲስተሙን አፕዴት ማድረግ ነው። ሊኑክስ ላይ ኖም ዴስክቶፕ ከሆነ የሮው ተምኔል ሠሪውን ከፓኬጅ ማኔጀሩ ይጫኑ። ፋይልስ የሚለው ፕሮግራም ተምኔል የሚሠራበት የፋይል መጠን ገደብ ሊኖረው ይችላል፤ ከገደቡ የሚበልጥ ሮው ባዶ ሆኖ ይቀራል።

ጓደኛዬ «ሁሉንም የሚከፍት ኮዴክ ፓክ» በፍላሽ ሰጠኝ። ልጫነው?

አይጫኑት። በዚህ ስም ከሚዞሩት ብዙዎቹ የቪዲዮ ኮዴኮች ናቸው፣ ለሮው ምንም አይፈይዱም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መጫኛ ደግሞ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ፍላሹን ሲከፍቱ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካገኙ አንዱንም አይንኩ። የካሜራ ካርድዎን እንዲህ ያለ ኮምፒውተር ላይ ከመሰካትዎ በፊት በጎኑ ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ ወደ ሎክ ያንሸራትቱት። ትልቁ ኤስዲ ካርድ አላት፤ ማይክሮ ኤስዲ የላትም፣ በአዳፕተር ከሆነ ግን አዳፕተሩ ላይ ትገኛለች።

ይህ ሁሉ ከሚሆን ሮው ሲደመር ጄፔግ ባነሳስ?

ለአንዳንድ ሥራ እኛም የምንመርጠው ነው። ደንበኛው እዚያው ቆሞ «እስቲ ልይ» ለሚልበት፣ ፎቶው በዚያው ማታ በቴሌግራም ለሚላክበት ሰርግ ጄፔጉ ያለ ኮዴክ የትም ይከፈታል። ዋጋው የካርድ ቦታ ነው፤ ለአንድ ፎቶ ከ25 ሜጋባይቱ ላይ እስከ 10 ሜጋባይት ሊጨምር ይችላል። ሐይቁ ላይ ፔሊካን ሲነሳ እየተከታተሉ በፍጥነት ለሚያነሱም የካሜራው ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ቶሎ ሞልቶ መሀል ላይ ያቆምዎታል።

ሲመርጡ ደግሞ ኤክስፕሎረር ሁለቱን እንደ ሁለት ፋይል እንደሚቆጥራቸው አይርሱ። ጄፔጉን ሲሰርዙ ሮው ይቀራል፣ ሮውን ሲሰርዙ ጄፔጉ። በፋይል ስም ካስተካከሏቸው ጥንዶቹ ጎን ለጎን ስለሚቆሙ ሁለቱንም አንድ ላይ መርጠው ማንሳት ይቻላል። ስም መቀየር ካስፈለገም ሁለቱን አንድ ላይ ይቀይሩ፤ ስማቸው ከተለያየ ዲጂካምም ላይትሩምም ጥንድ መሆናቸውን አያውቁም።